ዕፅዋት «በቃ» የሚሉበት ቋንቋ፦ ስለ ፔፕታይድ ሆርሞኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተክል ሆርሞን አለው እንዴ?

አለው። ሆርሞን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ስኳር በሽታ፣ ወደ እንቅርት ወይም ወደ እርግዝና መከላከያ ይሄዳል። ቃሉ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። አንድ ሕዋስ አምርቶ ይለቀዋል፤ ሌላ ሕዋስ ይቀበለውና ሥራውን ይለውጣል፤ ለዚህም እጅግ ጥቂቱ ይበቃል። ሆርሞን ማለት ይኸው ነው። ተክል ነርቭም ደምም የለውም፣ ፀሐይ ሲበረታበትም ተነሥቶ ወደ ጥላ አይሄድም። ሥሩ የደረሰበትን ለቅጠሉ፣ ቅጠሉ የደረሰበትን ለሥሩ የሚያደርስ መልእክተኛ ከሌለው አንድ ሳምንትም አይከርም።

በትምህርት ቤት የተማርናቸው አምስቱ ታዋቂዎች ኦክሲን፣ ጂበረሊን፣ ሳይቶካይኒን፣ ኤትሊንና አብሲሲክ አሲድ ናቸው። ጥሬ ሙዝ ከበሰለ ሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ሲታሰር ቶሎ የሚበስለው ከበሰለው በሚወጣው ኤትሊን ነው። ፔፕታይዶቹ ከእነዚህ ሁሉ ዘግይተው ታወቁ። እኔ ተማሪ ሳለሁ በመጽሐፋችን ውስጥ ስማቸው አልነበረም።

ፔፕታይድ ምንድን ነው? ከአምስቱስ በምን ይለያል?

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ፔፕታይድ ይባላል። የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከዕፅዋት ፔፕታይዶች መካከል ፋይቶሰልፎካይን የሚባለው 5 ብቻ፣ ሲስተሚን 18፣ ራልፍ ደግሞ 49 አካባቢ አላቸው።

ትልቁ ልዩነት ግን በርዝመቱ አይደለም። ኦክሲን አንድ ዓይነት ሆኖ ተክሉ ውስጥ መቶ ጉዳይ ያስፈጽማል፤ ትርጉሙ የሚወሰነው በደረሰበት ቦታና በመጠኑ ነው። ፔፕታይዶች ግን እያንዳንዳቸው በጂን ላይ በቀጥታ የተጻፉ ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ብዙ፣ መልእክታቸውም የተወሰነ ነው። ተመራማሪዎች አብዝተው የሚያጠኗት አራቢዶፕሲስ የምትባል የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም አለች። በእርሷ ውስጥ ክሌ ከሚባለው አንድ ቤተሰብ ብቻ 32 ጂኖች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው እንዴት ተገኘ?

ነገሩ የተጀመረው በጥንዚዛ ነው። በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ክላረንስ ራያን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1972 አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አሳተመ። የኮሎራዶ ጥንዚዛ የቲማቲምን ወይም የድንችን አንድ ቅጠል ሲያኝክ ጨርሶ ያልተነኩት ሌሎቹ ቅጠሎች የነፍሳትን የምግብ መፍጨት የሚያውክ ፕሮቲን ማጠራቀም ይጀምራሉ። ታዲያ ላልተነካው ቅጠል ማን ነገረው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። መፈተኛው ዘዴ ቀላል ነበር፦ ትንሽ የቲማቲም ቡቃያ ከግርጌው ይቆረጥና ከቅጠል በተጨመቀ ፈሳሽ ውስጥ ይቆማል፤ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ከዚያ ቅጠሉ ያንን ፕሮቲን ማምረት አለማምረቱ ይለካል። አድካሚው ጭማቂውን ደጋግሞ መከፋፈልና እያንዳንዱን ክፍል እንደገና በቡቃያ መፈተን ነበር። በ1991 ግሪጎሪ ፒርስ፣ ራያንና ባልደረቦቻቸው 18 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ መሆኑን ይፋ አደረጉ፤ ስሙንም ሲስተሚን አሉት። እስከዚያ ድረስ ፔፕታይድ የእንስሳት ሆርሞን እንጂ የተክል ጉዳይ ነው ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲስተሚን እንዳያመርት የተደረገ ቲማቲም ለትል ቀረበለት። ትሎቹ ከጤነኛው ቲማቲም ይልቅ እርሱን በልተው ወፈሩ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር። በ2002 የወጣ የማዳቀል ሥራ፣ ማለትም የአንዱን ቲማቲም ራስ በሌላው ግንድ ላይ እየተከሉ የተደረገ ሙከራ፣ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚጓዘው ዋናው መልእክተኛ ጃስሞኒክ አሲድ የሚባለው ወገን እንደሆነ አመለከተ። የሲስተሚን ሥራ በቁስሉ አካባቢ ሆኖ ያንን መልእክት ማጋጋል ነው። «ሲስተሚን» የሚለው ስም የወጣለት መላ ተክሉን ያዳርሳል ተብሎ ነበር፤ ግምቱ ተስተካከለ፣ ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ።

ሕዋሱ እንዴት ያዘጋጀዋል? የሚቀበለውስ ማን ነው?

መጀመሪያ የሚመረተው ረጅም ፕሮቲን ነው። የሲስተሚን እናት ፕሮቲን ለምሳሌ 200 አሚኖ አሲዶች አሏት፤ ሆርሞኑ ወደ ጫፏ አካባቢ ተቀብሮ ይገኛል። ኢንዛይሞች እንደ መቀስ ከግራና ከቀኝ ይቆርጡታል። ብዙዎቹ ፔፕታይዶች ከዚህ በኋላም አይጨርሱም፤ አንዳንዱ ላይ ሰልፌት፣ አንዳንዱ ላይ የስኳር ሰንሰለት ይለጠፍበታል። ይህ ጌጥ አይደለም። እንደ ቢሮ ደብዳቤ ነው፦ ጽሑፉ ሙሉ ቢሆንም ማኅተም ካላረፈበት ተቀባዩ አይቀበለውም፣ ወይም እያመነታ ይቀበለዋል። ማኅተም አድራጊው ኢንዛይም የተበላሸበት ቲማቲም ምን እንደሚመስል ትንሽ ቆይተን እናያለን።

ተቀባዩ በሕዋሱ ሽፋን ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ ፔፕታይዱን ይይዛል፤ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ወሬውን ያቀጣጥላል።

«እድገትን ይቆጣጠራሉ» ማለት ያሳድጋሉ ማለት ነው?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚያሳድጉ አሉ። በ1996 የጃፓኖቹ ዮሺካትሱ ማትሱባያሺና ዮጂ ሳካጋሚ ያገኙት ፋይቶሰልፎካይን አንዱ ነው። የአስፓራገስ ሕዋሳት በብልቃጥ ውስጥ ተራርቀው ሲቀመጡ አይከፋፈሉም፤ ተጠጋግተው የነበሩ ሕዋሳት የኖሩበት ፈሳሽ ሲጨመርላቸው ግን መከፋፈል ይጀምራሉ። በፈሳሹ ውስጥ የነበረው አበረታች 5 አሚኖ አሲዶች ያሉት ይኸው ፔፕታይድ ነበር።

በደንብ ከተጠኑት ፔፕታይዶች መካከል ግን እጅግ ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «በቃ»። ይህን በአንድ ምሳሌ ጠለቅ ብለን እንየው።

የማንኛውም ተክል ጫፍ ላይ፣ ከቅጠሎቹ እጥፋት ሥር፣ ገና ሥራ ያልተመደበላቸው ሕዋሳት የተሰበሰቡበት ትንሽ ጉብታ አለ። ቅጠሉም ግንዱም አበባውም የሚወጣው ከእርሱ ነው። በጉብታው ታችኛ ክፍል ያሉት ሕዋሳት ቩሸል የሚባል ፕሮቲን ያመርታሉ፤ መልእክቱም «እንደዚሁ ሁኑ፣ ብዙ» ነው። ከላይ ያሉት ደግሞ በበኩላቸው ክላቫታ-3 የሚባል ፔፕታይድ ወደ ታች ይልካሉ፤ የእርሱ መልእክት «በዝተናል፣ ቩሸልን ቀንሱ» ነው። ሲበዙ መልእክቱ ይበረታል፣ ማምረቱም ይቀንሳል፤ ሲያንሱ መልእክቱ ይደክማል፣ ማምረቱ ይጨምራል። ጉብታው ተክሉ በሕይወት እስካለ ድረስ መጠኑን ሳይለቅ የሚኖረው በዚህ ነው።

ፔፕታይዱ ሲጠፋስ? ጉብታው ያለ ልክ ይሰፋል። ግንዱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ አበባው የቅጠልና የፍሬ ክፍሉን ያበዛል፣ ፍሬው እንደ ዱላ ጫፍ ያብጣል። ክላቫታ የሚለው ስም ራሱ በላቲን ዱላ ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ይህ ከምንበላው ነገር ጋር ግንኙነት አለው?

አንድ ቲማቲም ከመሃሉ አግድም ቁረጡ። ፍሬዎቹ የተኙባቸውን ጓዳዎች ቁጠሩ። ሞላላው፣ በገበያችን የተለመደው ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጓዳ አለው። የዱሩ ቲማቲም፣ የአተር ያህል የምትሆነው የደቡብ አሜሪካ ቅድመ አያት፣ ሁለት አላት። ሽንሽኑ ግዙፍ ቲማቲም ግን ስምንትና ከዚያ በላይ ሊኖረው ይችላል።

ይህ ትልቅነት ከየት እንደመጣ በ2015 በአሜሪካ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ የዛካሪ ሊፕማን ቡድን አሳየ። ከገበሬዎች ምርጫ መካከል አንዱ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የሆነ የክሮሞዞም ቁራጭ መገልበጥ፣ የክላቫታ-3ን ጂን ከማዘዣ ክፍሉ ለይቶታል። ጂኑ አለ፤ የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው። «በቃ» የሚለው ድምፅ ስለ ደከመ ጉብታው ሰፋ፣ ጓዳው በዛ፣ ፍሬው ገዘፈ። በ2008 ለዚሁ ለውጥ ተጠያቂ ተብሎ የተሰየመው ሌላ ጂን ነበር፤ ያ ጂን ከሰባት ዓመት በኋላ ነጻ ወጣ። ሳይንስ እንዲህ በይግባኝ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል።

በዚያው ጥናት ውስጥ ያ የማኅተሙ ነገር ተገኘ። በክላቫታ-3 ላይ የስኳሩን ሰንሰለት የሚለጥፈው ኢንዛይም የተበላሸባቸው ቲማቲሞች፣ ፔፕታይዱ እያላቸው፣ እንደሌላቸው ሆነው ያብጣሉ።

ዋናው ትምህርት በልክ ማድከም ነው። ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት የሚገኘው የተበላሸ ተክል ነው። በበቆሎ ላይ ይህ ጎልቶ ታይቷል፦ የእነዚህ ፔፕታይዶች ጂኖች ሙሉ በሙሉ ሲጠፉ እሸቱ ጠፍጣፋና የተመሳቀለ ይሆናል። በ2021 የወጣ ሥራ ግን የጂኖቹን ማዘዣ ክፍል በጂን አርትዖት ጥቂት ብቻ በማድከም የእሸቱን የፍሬ ምርት ከፍ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ።

ሥር ተርቦ ከሆነ ቅጠሉ በምን ያውቃል?

በናይትሮጅን ረሃብ ላይ ግልጽ መልስ አለ። የተክሉ ሥር በአንድ ወገን ናይትሮጅን የሌለበት አፈር፣ በሌላ ወገን ያለበት አፈር ሊገጥመው ይችላል። የተራበው ወገን ሴፕ የሚባል 15 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ አምርቶ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይልካል። ቅጠሉ ይቀበልና ሌላ መልእክት ወደ ታች ይመልሳል፤ በዚህም ጊዜ የሚበረታው ያገኘው ወገን ነው፤ የሌላውን ድርሻ ጭምር ይስባል። ይህን በ2014 ያሳዩት የጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። አንዱ ወንድም ሲቸገር ሌላው አብዝቶ እንደሚሠራ ቤት ነው፤ ልዩነቱ ወሬው የሚያልፈው በቀጥታ ሳይሆን በላይኛው ቤት በኩል መሆኑ ነው።

በድርቅም ጊዜ እንዲሁ። ሥሩ ሲደርቅበት ክሌ-25 የሚባለውን ወደ ቅጠል ይልካል፤ ቅጠሉም አብሲሲክ አሲድ ማምረት ይጀምራል፣ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎቹም ይዘጋሉ። ይህ በ2018 ከጃፓን የሪኬን ተቋም የወጣ ግኝት ነው። እዚህ ላይ አዲሱ ፔፕታይድና ከአምስቱ ነባሮች አንዱ ተቀባብለው ሲሠሩ እናያለን።

በባቄላና በሽምብራ ሥር ላይ የሚታዩትን እባጮች ቁጥር ማን ይወስናል?

ባቄላ ሲያብብ አንዱን በጥንቃቄ ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡት። ትናንሽ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ሰንጥቁት፦ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው፤ ቀለሙ ከደማችን ቀለም ጋር ዘመድ ከሆነ ፕሮቲን የመጣ ነው።

እነዚህ እንግዶች በነጻ አይኖሩም፤ ተክሉ ስኳር ይቀልባቸዋል። ስለዚህ ልክ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ እባጮች መሠራት ሲጀምሩ ሥሩ የክሌ ቤተሰብ የሆኑ ፔፕታይዶችን ወደ ላይ ይልካል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ተቀባይ ሰምቶ «ተጨማሪ እንግዳ አትቀበሉ» የሚል ትእዛዝ ይመልሳል። ተቀባዩ የተበላሸባቸው ተክሎች ሥራቸው በእባጭ ይሸፈናል፣ ራሳቸው ግን ይቀጭጫሉ። ቀላቢው ከተቀላቢው አነሰ ማለት ነው።

ጥናቱ በተደረገባት ሎተስ ጃፖኒከስ በምትባል የጥራጥሬ ዘመድ ላይ ከእነዚህ ፔፕታይዶች አንዱ በናይትሬትም ይቀሰቀሳል። አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ካለ ተክሉ እንግዳ መቀለብ አያስፈልገውም። ጥራጥሬ ላይ ዩሪያ ሲበዛ እባጩ የሚያንሰው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁ የግብርና ባለሙያዎች የመልሱን አንድ ክፍል እዚህ ያገኙታል።

አበባ ከጠወለገ በኋላ የአበባ ቅጠሎቹን የሚያራግፈውስ?

ኢዳ የሚባል ፔፕታይድ። በ2003 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጂኑ የተበላሸባት አራቢዶፕሲስ የደረቁ የአበባ ቅጠሎቿን ጨርሶ እንደማትለቅ ገለጹ። መልቀቅም ትእዛዝ ይፈልጋል።

ጠላት ይህን ቋንቋ መናገር ይችላል?

ይችላል፣ ያውም አሳምሮ። የአኩሪ አተርን ሥር የሚያጠቃው ጥቃቅን ትል፣ ኔማቶድ፣ የክሌን ፔፕታይድ የሚመስል አምርቶ በመርፌ መሰል አፉ ወደ ሥሩ ሕዋስ ይወጋል። ተክሉ የራሱ ሆርሞን መስሎት የትሉን ማዕድ ያዘጋጃል። ፉዛሪየም የሚባለው አጠውላጊ ሻጋታ ደግሞ ራልፍን ይኮርጃል። ራልፍ የሥርን እድገት የሚገታና ከሕዋሱ ውጭ ያለውን ፈሳሽ አሲድነት የሚቀንስ ፔፕታይድ ነው፤ ሻጋታው በዚያ መንገድ ቲማቲምን ለማጥቃት እንደሚመቸው በ2016 ታይቷል። የተሠረቀ ማኅተም እንዲህ ነው።

ገበሬ ገዝቶ ሊረጨው ይችላል?

እንደ ማዳበሪያ በከረጢት የሚሸጥ ነገር አድርጋችሁ አታስቡት። ፔፕታይድ ማምረት ውድ ነው፤ በሜዳ ላይም በፀሐይና በጥቃቅን ሕያዋን ቶሎ ይበጣጠሳል። በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ሌላ ነገር ነው፦ እርሱ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ሲሆን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ከልክ በላይ በሆነ የእድገት ትእዛዝ አሳብዶ ይገድላል። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ሁለቱን አንድ ያስመስላቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም።

ጥቅሙ የሚመጣው ከሁለት ወገን ይመስለኛል። አንዱ ዘር ማሻሻል ነው፤ ቲማቲሙና በቆሎው ምስክር ናቸው። ሁለተኛው የሕብረ ሕዋስ ማባዣ ቤት ነው። በ2024 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ሪፍ-1 የሚባል፣ የቆሰለ ቲማቲም የሚያወጣው ፔፕታይድ ከቁራጭ አዲስ ተክል እንዲበቅል እንደሚያግዝ አሳይተዋል። ለማባዛት እምቢ የሚሉ ሰብሎች ላሉበት ሰው ይህ ወሬ ቀላል አይደለም።

እነዚህን ሆርሞኖች በአትክልት ውስጥ መብላት ይጎዳል?

አይጎዳም። ሰው ቲማቲም መብላት ከጀመረበት ቀን ጀምሮ እየበላቸው ነው። በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫሉ። ኢንሱሊን በክኒን ሳይሆን በመርፌ የሚወሰደው ለዚህ ነው፤ ቢዋጥ ጨጓራ ይበላዋል።

በዓይን የሚታይ ነገር አለ?

አለ፣ ማይክሮስኮፕ ያለበት ትምህርት ቤት ይበቃል። ቅጠል የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ቁጥርና ቦታ የሚወስኑት ኢፒኤፍ የሚባሉ ፔፕታይዶች ናቸው፤ ቀዳዳ ለመሆን የተዘጋጀ ሕዋስ ጎረቤቱን «አንተ አትሁን» ይለዋል። በ2010 የተገለጸው ስቶማጅን ደግሞ በዚያው በር ላይ ቆሞ «ሁን» ይላል። በ2017 ገብስ የራሱን ኢፒኤፍ-1 አብዝቶ እንዲያመርት ሲደረግ የቀዳዳው ቁጥር አነሰ፣ ውሃ ቆጠበ፣ ድርቅንም ተሻለ፤ የፍሬ ምርቱም አልወደቀም። ገብስ የሚዘራበት ደጋ ያለው አገር ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ መነሣቱ አይቀርም፤ ሥራው ግን የተደረገው በመስታወት ቤት ውስጥ ነው።

ለማየት፦ የባቄላ ወይም የጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲደርቅ ግልጽ ፕላስተር ለጥፋችሁ ላጡት፤ የቅጠሉ አሻራ ተነሥቶ ይመጣል። በመስታወት ላይ ለጥፋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት። የከንፈር ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ተበትነው ታያላችሁ፤ በየሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ተራ ሕዋስ አለ። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ሁለት ተጣብቀው አገኘሁ ብላ ክፍሉን አስነሣችው። ሄጄ ሳየው ፕላስተሩ ላይ የታጠፈ መሥመር ነበር። ሌላ ቅጠል ቀብታ እንደገና መቁጠር ጀመረች።